አንዲት «ፎር» ያስከፈለችኝ

ከአራት ዓመት በፊት «ፎር» የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አጥፍቼ ሃምሳ ገጽ በነጻ አትሜያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ መጣልኝ። እንግሊዝኛ ነው። ርእሱ «ሪኩዌስት ፎር ኮቴሽን» ይላል፤ የዋጋ ማቅረቢያ ጥያቄ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ አዲስ ነገር ተምሬ እጄን እየበላኝ ነበር። «ሪኩዌስት» ከኋላው «ፎር» አይፈልግም፣ ትርፍ ነው ተብያለሁ። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር አጠፋኋት። ከርእሱ ብቻም አይደለም። በየገጹ አናት ላይ ስላለች ከሁሉም ገጽ አጠፋኋት። ኮምፒውተር እንደሆነ ፈልገህ አውጣልኝ ካሉት አንድም ሳያስቀር ይለቅማል። አትሜ፣ ጠርዤ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ገና በሩን ስከፍት ሰውዬው ቆመው አገኘኋቸው። የሆነውን ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እዚያ ያደረሰኝን ላውራ።

ሥራዬ ኮፒ ቤት ነው፤ ደብረ ብርሃን። ኮፒ፣ ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንደኔ ያለ ቤት በየማዕዘኑ በቅሏል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ጣት ስለሚያደነዝዝ ኪቦርድ ከመንካቴ በፊት እጄን የሻይ ብርጭቆ ላይ አሞቃለሁ። የምረቃ ሰሞን ሲመጣ ግን ብርዱም አይሰማም። ተመራቂው ሁሉ ሪሰርቹን ይዞ ይሰለፋል። በእጅ የተጻፈ አለ፣ በፍላሽ የመጣ አለ፣ በቴሌግራም የተላከ አለ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ሁሉም የሚፈለገው ነገ ጠዋት ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የጸሐፊነት ኮርስ ነው የወሰድኩት። እንግሊዝኛዬ የጣት እንግሊዝኛ ነው፤ በጆሮዬ ሳይሆን በጣቴ የገባ። ግን የሰው ጽሑፍ ዓመት ሙሉ ሲገለብጥ የሚውል ሰው አንዳንድ ነገር ሳይወድ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጡና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ስክሪኔን አለማየት አይችልም። አንድ ቀን የአንድ ልጅ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው። ስለ ጓሳ ነው የጻፈው። መንዝ ያለው ጓሳ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨድበት፣ ድሮ ቄሮ በሚባል የአገሬው ሰው የጋራ ሥርዓት ይጠበቅ የነበረው። አባቴ መንዜ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ጣቴ ይፈጥናል። «ይህ ምዕራፍ ስለ ቄሮ ሥርዓት ይወያያል» ለማለት «ዲስከስስ አባውት» ብሎ ነው ልጁ የጀመረው።

«ይቺን ‹አባውት› አውጪያት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ እንዲህ ነው የጻፈው።»

«እሱ ያሰበው በአማርኛ ነው። ‹ስለ› አለና ‹አባውት› አለ። ‹ዲስከስ› ‹ስለ›ን ሆዱ ውስጥ ይዟታል። ሁለተኛ ‹ስለ› አያስፈልገውም።»

ፈራሁ። የሰው ጽሑፍ ነዋ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ልጁ ሲመጣ አሳየነው፤ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና «እውነትም!» ብሎ ሳቀ። እንግሊዝኛ ሲማር አሥራ ምናምን ዓመቱ ነው። ማንም አልነገረውም።

ከዚያ ቀን በኋላ አላረፍኩም። ከኋላው ትርፍ መስተዋድድ ያንጠለጠለ ግሥ በየገጹ ይታየኝ ጀመር። ለረሳችሁ፣ መስተዋድድ ማለት እነ «ስለ»፣ እነ «ወደ»፣ እነ «ከ»፣ እነ «ለ» ናቸው። እንግሊዝኛው ፕሪፖዚሽን የሚላቸው። የኛ ሰው ግሡን ከእንግሊዝኛ ይወስድና መስተዋድዱን ከቤቱ ያመጣል። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪ ዊዝ» ይሆናል። «ለጥያቄው መልስ ሰጠ» ስለምንል «አንሰር ቱ ዘ ኩዌስችን»። «በዚህ ላይ አጽንኦት ሰጠ» ስለምንል «ኢምፋሳይዝ ኦን»። በእንግሊዝኛው ግን ሜሪም፣ አንሰርም፣ ኢምፋሳይዝም ተከታያቸውን በቀጥታ ነው የሚይዙት። መሐላቸው የሚገባ ደላላ የለም።

ኮምፒውተሩም አይረዳም። የኔ አሮጌ ነው፤ ቀዩን መስመር የሚያሰምረው ፊደል ሲሳሳቱ ብቻ ነው። «አባውት» ደግሞ ፊደሏ ልክ ናት። ቦታዋ ነው ልክ ያልሆነው።

ይህን ነገር በደንብ የገባኝ ግን ከጋሼ ሳይሆን ከእማዬ ነው። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን ወንድሜ ቤት መጥቶ «ነገ ወደ ታች ወደ ሸዋ ሮቢት ልወርድ ነው» አላት። ቡናዋን እየቆላች ቀና ሳትል «ወደ ላይ የሚወረድበት አገር አለ እንዴ?» አለችው።

ያንን መንገድ የሄደ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በር ዋሻ ስትደርሱ ጉሙ ይውጣችኋል። ዋሻውን ስታልፉ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይሄዳል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ትከሻ ላይ ይቀራል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሹራብም ይወልቃል። ይህ ሁሉ «ወረደ» የሚለው ቃል ውስጥ አለ። «ወደ ታች» ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። «ወደ ኋላ ተመለሰ»፣ «ወደ ውጭ ወጣ»፣ «ወደ ውስጥ ገባ» ሁሉ እንደዚያው ነው። እኛም እንላለን፤ በዜናም እንሰማለን። ስንናገር አይጎረብጥም።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። እስኪያነቡ ሳቁ። «በይ እናትሽን አምጪልኝ፣ እሷ ነች ማስተማር የነበረባት» አሉ። ከዚያ «ሪተርን ባክ»ን አስረዱኝ። የ«ሪተርን» የመጀመሪያ ቁራጭ «ሪ» ራሷ «ወደ ኋላ» ማለት ናት። «ባክ» ሲጨመር «ወደ ኋላ ወደ ኋላ ዞረ» ሆነ። «ኢንተር»ም ከላቲን ሲመጣ «ውስጥ»ን ይዞ ነው የመጣው። «ኢንተር ኢንቱ ዘ ሩም» ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ገብቷል።

ለምን አይታየንም ታዲያ? አልኳቸው። መልሳቸውን አልረሳውም።

«አንቺ ‹ሊቃውንቶች› ብለሽ ጽፈሽ አታውቂም?»

ዝም አልኩ። የዚያኑ ቀን ለአንድ ማኅበር በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ «መምህራኖች» ብያለሁ። «ሊቃውንት» ብዙ ነው፣ «መምህራን» ብዙ ነው፣ «መጻሕፍት» ብዙ ነው። የግዕዝ ብዜት ቃሉ ውስጥ አለ። ግን ግዕዝ የማያውቅ ሰው ብዜቱ አይታየውምና የራሱን «ኦች» ይጨምርበታል። እንግሊዝም እንዲሁ ነው አሉኝ። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ገባ። «ኢንተር» በዚያ በኩል የመጣ ነው፣ «ሪተርን» በዚያ በኩል የመጣ ነው። «ዲስከስ»ም ሥሩ ላቲን ነው። ውስጣቸው ያለው «ወደ» እና «ውስጥ» ለገበሬው አይታይም። ስለዚህ ፈረንጁ ራሱ «ሪተርን ባክ» ይላል። ይህን ስሰማ እንዴት እንደቀለለኝ! የኛ ድንቁርና ብቻ መስሎኝ ነበር።

አማርኛ ደግሞ ከነሱ የባሰ ጥቅልል ነው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በሉ። አንዱ ሰውዬ ነጻ ወጣ፣ ሌላው ታሰረ። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ መስተዋድዷ ግሡ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ይህን በየቀኑ የሚናገር ሕዝብ «ዲስከስ» ውስጥ «ስለ» አለች ሲባል ሊደነግጥ አይገባም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሌሊት ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልዘጋ ስል፣ አንዲት ተማሪ እየሮጠች ገባች። የመሐል ሜዳ ልጅ ናት። ጥናቷ በመንዝ በግ አርቢዎች ላይ ነው፤ መኖ ሲጠፋ እንዴት እንደሚያልፉት። ሁሉም ተጠናቋል፣ አብስትራክቱ ብቻ ቀርቷል። አብስትራክት ማለት ጥናቱ በሙሉ በአንድ አንቀጽ ሲጠቀለል ነው። ከ250 ቃል እንዳይበልጥ ተብላለች። ኮምፒውተሩ ከታች ጥግ ላይ 263 ይላል።

«እትዬ፣ አሥራ ሦስት ቃል ከየት ልቁረጥ? ሁሉም ያስፈልጋል።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብታወጣ ውጤቷ ይጎድላል፣ ሌላውን ብታወጣ ዘዴዋ ይጎድላል።

«ቁጭ በይ» አልኳት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ የምከፈለው በገጽ ነው። ትርፍ ቃል ለኔ ገበያ ነው። ግን የሰው ልጅ ስታለቅስ ገበያ አይታሰብም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ዲስከስስ አባውት» አለች፤ የድሮ ወዳጄ። ወጣች፤ 262። «ኮምፕራይዝስ ኦፍ» አለች። «ኮምፕራይዝ» ራሱ «አካቶ ያዘ» ማለት ነው፣ «ኦፍ» አይፈልግም፤ 261። «ኢምፋሳይዝስ ኦን»፤ 260። ቀጥሎ አገራችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የማያት መጣች፦ አርቢዎቹ የመኖ እጥረቱን እንዴት «ኮፕ አፕ ዊዝ» እንደሚያደርጉ። ይቺ «አፕ» ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ከ«ኪፕ አፕ ዊዝ» ተበድራ ይመስለኛል። «ዊዝ» ትቆያለች፣ «አፕ» ትሄዳለች፤ 259።

ልጅቷ መሳቅ ጀመረች። «ኢንተርድ» ካለች በኋላ «ኢን ቱ» ብላ ለየብቻ ጽፋዋለች፤ ወደ መንደሩ ገባን ለማለት። በአንድ ምት ሁለት ቃል፤ 257። ተጠያቂዎቹ መጠይቁን «ሪተርንድ ባክ» አደረጉ፤ 256። የቀበሌውን ትብብር «ሪኩዌስትድ ፎር» አድርጋለች፤ 255። አርቢዎቹን በስልክ «ኮንታክትድ ዊዝ» አድርጋለች፤ 254። «ዲስፓይት ኦፍ» አለች፤ 253። «ኢንቨስቲጌት አባውት»፤ 252። አካባቢው የእንስሳት ሐኪም ይጎድለዋል ለማለት «ላክስ ኦፍ»፤ 251።

አንድ ቃል ቀረ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ያን ጊዜ የሄደብን እንደሆነ አለቀልን።

«ይቺንስ?» አለች። «ዲፔንድስ ኦን» ላይ ጣቷን አድርጋ።

«እሷን እንዳትነኪ!» ጮህኩ መሰለኝ። «ዲፔንድ» ያለ «ኦን» አይቆምም። አንዴ መቁረጥ ሲጀመር እጅ አያርፍም፤ እኔም ያለፍኩበት ነው።

በመጨረሻ ከወረዳው ውጭ ለማለት «አውትሳይድ ኦፍ» ያለችውን አገኘን። ይቺ እንኳ ስህተት አትባልም፤ አሜሪካኖቹ ይሏታል። ግን «ኦፍ» ብትወጣ ምንም አይጎድልም። አወጣናት። 250።

አጨበጨብን። እውነቴን ነው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሰዎች፣ ኮፒ ቤት ውስጥ። ከጥናቷ አንድም ሐሳብ አልጎደለም። አንድ በግ እንኳ አልጠፋም።

በዚያ ሌሊት አንድ ነገር አስተዋልኩ። የቆረጥናቸው ሁሉ ከአማርኛ የመጡ አይደሉም። «ኮምፕራይዝ ኦፍ» በአማርኛ ምን ብሎ ይመጣል? እነዚህ የመጡት ከጎረቤት ነው። በትርጉም መንታ የሆነ ግሥ አላቸው፤ መንታው መስተዋድድ ይፈልጋል፣ እነሱ አይፈልጉም። «ኮንሲስት ኦፍ» ትክክል ነው፣ ከእሱ «ኦፍ»ን ተበደሩ። «ቶክ አባውት» ትክክል ነው፤ «ዲስከስ»ን አሳሳተ። «አስክ ፎር»፣ «ሪኩዌስት»ን። «ፎከስ ኦን»፣ «ኢምፋሳይዝ»ን። «ዌይት ፎር»፣ «አዌይት»ን። «ኢን ስፓይት ኦፍ»፣ «ዲስፓይት»ን። አሁን ልጆች ሲመጡ በጥንድ ነው የማስይዛቸው። «ሪፕላይ ቱ» በል፣ «አንሰር» ብቻ በል። «አራይቭ አት» በል፣ «ሪች» ብቻ በል። ዝርዝር ከመሸምደድ ይሻላል፤ ጥንድ ነገር አይረሳም።

አሁን ወደ «ፎሯ»።

ሰውዬው በሩ ላይ ቆመው ሰነዱን ዘረጉልኝ። «እመቤት፣ ይሄን ማን ነው ያረመው?»

«እኔ ነኝ። ትርፍ ስለሆነች ነው» አልኩ፤ በኩራት።

«ትርፍ? ይሄ አሁን ምን እንደሚል ያውቃሉ? ‹ዋጋ ጠይቁ!› ነው የሚለው። ነጋዴው እኛን እንዲጠይቀን እናዛለን እንዴ?»

በቁጣም በሳቅም መሐል ናቸው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ የሚባለው እኔን ነው። ሃምሳውን ገጽ እንደገና በራሴ ወረቀትና ቀለም አተምኩ።

ጋሼ ሲመጡ ኩርፊያዬን አዩና ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ግማሹን ብቻ ነግሬሽ» አሉ። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ «ሪኩዌስት» ሁለት ነው። «ዊ ሪኩዌስት ዩር ሰፖርት» ሲባል ግሥ ነው፣ «ፎር» አይፈልግም። «ኤ ሪኩዌስት ፎር ሰፖርት» ሲባል ስም ነው፣ «ፎር» የግድ ነው። መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ሁለት።

በአማርኛ አስቡት። «ዋጋ ጠየቀ» እንላለን፤ መሐል ምንም የለም። ስም ሲሆን ግን «ዋጋ ጥያቄ» አንልም። «የዋጋ ጥያቄ» ነው። «የ» ትገባለች። ስም ከስም ጋር ሲቀመጥ ማሰሪያ ይፈልጋል፣ ግሥ ግን በራሱ ጉልበት ይይዛል። እንግሊዝኛውም ልክ እንደዚያው ነው። «ዲስከስ» ብቻውን፣ «ዲስከሽን» ከ«አባውት» ጋር። «ኢምፋሳይዝ» ብቻውን፣ «ኢምፋሲስ» ከ«ኦን» ጋር። «ላክ»፣ «አንሰር»፣ «ኮንታክት»፣ «ዲማንድ» ደግሞ እንደ «ሪኩዌስት» አንድ መልክ ይዘው ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ የሚያሳስቱትም እነሱ ናቸው። ብዙው ትርፍ መስተዋድድ ከስሙ ቤት ወደ ግሡ ቤት በስህተት የገባ ነው። ስለዚህ አሁን ሳልቆርጥ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ቃል እዚህ ጋ ምን እየሠራ ነው? ድርጊት ነው ወይስ ስም? ከዚያ ነው እጄ ወደ ኪቦርዱ የሚሄደው።

ያው ሰነድ ውስጥ ሌላ ወጥመድም ነበር፤ ደግነቱ እሱን አልነካሁትም። ውል መግባትን «ኢንተር ኢንቱ ኤ ኮንትራክት» ይላል። እዚህ ላይ «ኢንቱ» ልክ ናት። ክፍል ሲገባ ያለ «ኢንቱ»፣ ውል ሲገባ ከ«ኢንቱ» ጋር። እኛ ደግሞ ገልብጠነዋል፦ «ወደ ክፍል ገባ» እንላለን፣ ውል ሲሆን ግን «ውል ገባ» ብለን እናልፋለን። ለምን? አይጠየቅም። ቋንቋ ነው።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል ተቃራኒውንም ላንሳ። እኛ መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም እንችልበታለን። «ሬዲዮ አዳመጠ» ስለምንል «ሊስን ዘ ሬዲዮ» ይጻፋል፣ «ቱ» ቀርታ። «ጠብቀኝ» ስለምንል «ዌይት ሚ»፣ «ፎር» ቀርታ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ደግሞ «ግራጁዌትድ» ካለ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ስም በቀጥታ ይከተላል፣ «ፍሮም» የለችም። ከሚያስፈልገው ነጥቀን ለማያስፈልገው የምንሰጥ ነው የሚመስለው። አንድ ማመልከቻ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳገኝ ከዚህኛው ነቅዬ እዚያ እተክላለሁ፤ ገጹ ሳይረዝም ሳያጥር ይወጣል።

ይህን ሁሉ ስል ግን የቃል ፖሊስ ልሁን ማለቴ አይደለም። ሰው ሲናገር አላርምም። አንዱ ደንበኛዬ ስልክ ይዞ «ሌት አስ ዲስከስ አባውት ኢት» ሲል ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ሰሚው ገብቶታል፣ ሥራውም ተሠርቷል። ጽሑፍ ግን ፈራሚ አለው፣ ማኅተም አለው፣ መምህር አለው። ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ ልክና ስህተት አይቆረጥም። «ሚት ዊዝ» ለስብሰባ ሲሆን በአሜሪካ ደንበኛ እንግሊዝኛ ነው። ውሳኔን መቃወም ሲሆን እንግሊዞቹ «ፕሮቴስት አጌንስት» ይላሉ፣ አሜሪካኖቹ «ፕሮቴስት» ብለው ውሳኔውን ይጠራሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ለማን እንደሚሄድ ሳልጠይቅ አልነካም።

በዚህ ነገር የኔን ያህል ያበደ ካለ ብዬ ሳስብ አንድ አሜሪካዊ አገኘሁ። ዊኪፔዲያ ላይ «ኮምፕራይዝድ ኦፍ» የምትለዋን እያደነ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወሬው ሲወጣ 47 ሺህ ጊዜ ገደማ አርሞ ነበር። በነጻ! ይህን ለጋሼ ባነብላቸው «ሚስት የለውም እንዴ?» አሉ።

አብስትራክቷን ይዛ ልትወጣ ስትል ያቺ የመሐል ሜዳ ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ወደ ላይ አንጋጠጠች። ከበሩ በላይ ታፔላዬ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ሰዓሊ አስጽፌው ነው፤ በአማርኛ ኮፒ፣ ታይፕ፣ ጥረዛ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ኮንታክት ዊዝ አስ» እና ስልክ ቁጥሬ። በደማቅ ቀይ ቀለም።

«እትዬ» አለች ሳቋን አፍና፣ «የናንተስ ‹ዊዝ›?»

በማግስቱ ሰዓሊውን ጠራሁት። መሰላሉን ተደግፎ አየው። «እሷን ካጠፋሁ መሐሉ ባዶ ይሆናል፤ ወይ ሙሉውን ልቀባው» አለኝ። ዋጋ ጠራ። ለሃምሳ ገጽ ወረቀትና ቀለም ካወጣሁት በለጠብኝ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። «ዊዟ» እዚያው ናት።